የሽመክት ሆድ ዘብ

ሽመክት ቁርሱን የሚበላው ከሆዱ ጋር ተደራድሮ ነው። አንድ ዕለት ጠዋት ሚስቱ ተዋበች ያቀረበችለት ቂንጬ የሲኒ ማስቀመጫ እንኳ አልሞላም፤ ያም ሆኖ ገና ሁለተኛውን ማንኪያ ሲውጥ በጆሮው ውስጥ ትሁት የወንድ ድምፅ ተሰማው።

"አቶ ሽመክት፣ ፈጥነዋል። እባክዎ አኝከው ይዋጡት።"

"ቂንጬ እኮ ነው። ምኑ ይታኘካል?"

"የሚዋጥ ነገር ሁሉ ይታኘካል።"

ተዋበች ከማን ጋር እንደሚያወራ አልጠየቀችውም። በሞያሌ ከሆዱ ጋር የሚጨቃጨቅ ሰው ማየት ከተለመደ ቆይቷል። ታክሲ ውስጥ አንዱ "ኧረ ተወኝ!" ብሎ ቢጮህ ዞሮ የሚያየው የለም፤ ዘቡ ነዋ። ዘብ የሚባለው ጨጓራቸውን በቀዶ ሕክምና ላስቀነሱ ሰዎች አብሮ የሚሰፋ፣ ከሰውየው ከራሱ ሕዋሳት የሚበቅል፣ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ሕያው መሣሪያ ነው። የሚገባውን ይቀምሳል፣ ይመዝናል፣ በጆሮ ውስጥ በተለጠፈች ቅንጣት በኩል ይመክራል። የባሰ ነገር ከመጣ ደግሞ ደረት ላይ ባለች ትንሽ ማጉያ ጮክ ብሎ በአቅራቢያው ያለውን ሰው ይጣራል።

ሽመክት ዕድሜውን የፈጀው በሞያሌው ሰማይ አሳንሰር ነው። ሰማይ አሳንሰሩ ከምድር እስከ ጠፈር በተዘረጋ ገመድ ላይ ሰውና ዕቃ ያመላልሳል፤ የጭነቱ አለቃ ሽመክት ነበር። ሰውን ሁሉ መዝኖ ወደ ሰማይ ሲሸኝ ኖሮ እሱ ራሱ አንድም ቀን አልወጣም። ምክንያቱ ሚስጥር አልነበረም፤ ሚዛኑ አይፈቅድለትም። ግዙፍ ሰው ነበር። በር ላይ ሲቆም ቤቱ ይጨልማል። ምሳ ሰዓት የጭነት ሠራተኞች ትሪውን ከበው ሲቀመጡ መሐል የሚሆነው እሱ ነው፤ እየጠቀለለ ሲያጎርስ አፍ የዘጋበት ሰው አይተርፍም። "ሽመክት ያላጎረሰው ሰው እዚህ አልተቀጠረም" ይባል ነበር።

ነገሩን የለወጠው ናሆም ነው። ናሆም የሟች ወንድሙ ልጅ ነው፤ ሽመክትና ተዋበች ልጅ ስላልነበራቸው እንደ ልጃቸው አሳደጉት። ልጁ አድጎ ራማ ላይ ሥራ ያዘ። ራማ ከአሳንሰሩ ጫፍ ላይ እንደ ጎማ የምትሽከረከር የጠፈር ከተማ ናት። እዚያም ሶስና የምትባል የሕክምና መሣሪያዎች ጠጋኝ ወደደ። ሽማግሌ ይላክ ሲባል ግን የልጅቷ አባት አቶ ጋሻው እንቢ አሉ። የዘመኑ ሰው ሽምግልናውን ከሩቅ በሚያገናኝ የምስል መስኮት ጨርሶ፣ ምርቃቱን በመስኮት ተቀብሎ፣ መስኮቱን ዘግቶ ይተኛል። አቶ ጋሻው ግን ያሉት አጭር ነው፦

"ልጄን የሚፈልግ ሰው በአካል ይምጣ። ምስል አይመርቅም።"

ሽመክት ይህን በሰማ ማግሥት ሐኪም ቤት ሄደ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ነገር አታለሳልስም። ጨጓራውን ከቀነሰችለት በኋላ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ "ምግቡን ዘቡ ያስተምርዎታል፤ እኔ የምነግርዎት ስለ መጠጥ ነው" አለችው። "አልኮል ድሮ ጨጓራዎ ውስጥ አረፍ ብሎ ነበር ወደ ደም የሚሄደው። አሁን ማረፊያ የለውም፤ እንደገባ ራስዎ ላይ ይወጣል። አንዷ መለኪያ የብዙ ያህል ናት። ስኳርዎንም ሊያወርደው ይችላል። ደግሞ በመብላት ይጽናና የነበረ ሰው መብላት ሲቀርበት ሌላ መጽናኛ ይፈልጋል። አደራ!"

ሽመክት ሳቀባት። "ልጄ፣ እኔ በላተኛ እንጂ ጠጪ ሆኜ አላውቅም።"

እውነቱን ነበር። ችግሩ የመጣው ቆይቶ ነው። ሰውነቱ እየቀለለ ሲሄድ ልብሱ ሰፋ፣ ጉልበቱ ተላቀቀ፣ ሰው ሁሉ "አማረብህ" አለው። ምሳ ሰዓት ግን ትሪው ዳር ቁጭ ብሎ በትንሽ ኩባያ ሾርባ ሲጠባ፣ ሲጠቀልል የኖረ እጁ ምን እንደሚሠራ ጠፋው። ባጎረሰ ቁጥር መልሰው ሊያጎርሱት ይፈልጋሉ፤ እሱ ግን አይችልም። እየቆየ እነሱም ተሳቀቁ፣ እሱም ተሳቀቀ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ተነሥቶ ከመጋዘኑ ጀርባ ዞረ። እዚያ አንዲት ሴትዮ አረቄ ትሸጣለች።

አንዷን መለኪያ ሲጨልጥ ዓለም ጥጥ ሆነችለት።

ዘቡ ያን ቀን ጆሮው ውስጥ እየጮኸ ቁም ስቅሉን አሳየው። በማግሥቱም ጮኸ። ከዚያ ወዲያ ጩኸቱ ወደ ምክር፣ ምክሩ ወደ ጉምጉምታ ወረደ፤ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ጭራሽ ዝም አለ። ሽመክት "ተስፋ ቆርጦ ተወኝ" ብሎ ደስ አለው። ተዋበች የምታውቀው ነገር አልነበረም፤ ስታሸተው የአፍ መታጠቢያ ነው ይላታል።

የመውጫው ቀን ሲደርስ ሚዛኑ ላይ ቆመ። አረንጓዴ መብራት በራ። ስንት ዓመት አብሮት የጫነ ሠራተኛ ሁሉ አጨበጨበ፤ ሽመክት ከሚዛኑ ሳይወርድ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ያኔውኑ በልቡ ማለ፤ የናሆም ጉዳይ እስኪያልቅ ጠብታ አልቀምስም አለ። ሦስት ሆነው ተሳፈሩ። ሽመክት፣ ተዋበችና የሥራ ጓደኛው ኦብሳ። ኦብሳ በቦረና ሽምግልና ያደገ፣ ንግግር የማያልቅበት ሰው ነው።

ጉዞው ቀናት ፈጀ። አሳንሰሩ ውስጥ መጠጥ የለም። ሽመክት እንደማለው ቻለ። ያልቻለው ዘቡ ነው። በመጀመሪያ ሾርባው ጨው የለውም አለ። ቀጥሎ ውሃውን ነቀፈ።

"ይህ ውሃ ጣዕም የለውም፣ አቶ ሽመክት።"

"ውሃ እኮ ነው። ድሮስ ምን ጣዕም አለው?"

"እንጃ። የሆነ ነገር ጎድሎታል።"

ሽመክት ከፍታው ነው ብሎ ተወው።

ራማ ደረሱ። እዚያ ሰው በግማሽ ክብደቱ ነው የሚራመደው። ኦብሳ በሩ ላይ ወግ ባለው እርምጃ እገባለሁ ብሎ ጣሪያውን በራሱ ሊነካ ምንም አልቀረውም። ናሆም ተቀብሎ አቅፏቸው ከአቶ ጋሻው ቤት አደረሳቸውና እንደ ወጉ ዞር አለ። አቶ ጋሻው የከተማዋን የአትክልት ሥፍራ ንቦች ጠባቂ ናቸው። ሚስታቸውን ከቀበሩ ወዲህ የሚኖሩት ከሶስና ጋር ብቻ ነው። ቤታቸው ማር ማር ይሸታል። በመስኮቱ ንቦች ሲበሩ ይታያሉ፤ ከተማዋ ስለምትሽከረከር በረራቸው ሁሉ እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ቆሙ። "ተቀመጡ" ተባሉ። ኦብሳ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም። የመጣነው..."

"እኔ ቤት ሰው ጉሮሮው ደርቆ አይለምንም" አሉ አቶ ጋሻው። "መጀመሪያ ይቺን ቅመሱ።" ብርሌዎቹን ራሳቸው ይዘው መጡ። ጠጁ በግማሽ ክብደት ቀስ እያለ ነው የሚቀዳው፤ እንደ ወርቅ ክር ይሳባል። ለተዋበች ሰጡ፣ ለኦብሳ ሰጡ፣ ሦስተኛውን ለሽመክት ዘረጉ።

"እግዜር ይስጥልኝ፤ እኔን ሐኪም ከልክሎኛል" አለ ሽመክት።

"ሐኪም የከለከለው የምድሩን ጠጅ ነው። ይሄ የሰማይ ነው።"

"እውነቴን ነው፣ አቶ ጋሻው። ጨጓራዬን አስቀንሻለሁ።"

የአቶ ጋሻው እጅ ብርሌውን እንደያዘ ቀረ። ፊታቸው ወረደ። "ይሄን ያህል መንገድ መጥተው ጠጄን ሳይቀምሱ ልጄን ሊጠይቁኝ ነው?"

በዚህ መሐል ከሽመክት ደረት ጮክ ያለ፣ የተማረ ሰው ድምፅ ወጣ።

"ይቅርታ፣ አቶ ጋሻው። እኔ እቀምሳለሁ።"

ሁሉም ሽመክትን አዩ። አፉ ተዘግቷል።

"ማን ነው የተናገረው?" አሉ አቶ ጋሻው።

"ሆዴ ነው" አለ ሽመክት።

ኦብሳ ነገሩን ለማለባበስ ያስል ጀመር። ተዋበች ባሏን ከጀርባው ቆነጠጠችው፤ ምን እንዳጠፋ ገና አላወቀችም፤ አንድ ነገር እንዳጠፋ ግን አልጠፋትም። ዘቡ ቀጠለ። "ትንሽ ብቻ ነው። ለወጉ ያህል። ከምድር ከተነሣን ጀምሮ ምንም አልቀመስንም፤ ተጎድተናል።"

ለሽመክት አሁን ይህን ድምፅ ዝም የሚያሰኘው አንድ ነገር ብቻ መሰለው። ጥቂት ልስጠውና ይተኛ፣ እኔም ጉዳዬን ልጨርስ አለ። ሲያስበው ፍጹም ብልኅነት ነበር። ብርሌውን ተቀብሎ እስከ ግማሽ ጨለጠው።

ብርሌውን ሳያስቀምጥ ወለሉ ከእግሩ ሥር ቀለጠ።

"ድገመን!" አለ ዘቡ።

"ምን?" አሉ አቶ ጋሻው።

"ድገመን አልኩህ፣ ጋሻው! ምን ያፈጥሃል? ከመጋዘኑ ጀርባ ያለችው ሴትዮ እንኳ እንዲህ አትሰስትም!"

ተዋበች ብርሌዋን አስቀመጠች። "የትኛዋ ሴትዮ?"

"ተዋበች፣ እኔ..." አለ ሽመክት።

"ዝም በል አንተ! ሆድህን ነው የማናግረው። የትኛዋ ሴትዮ ናት?"

"አረቄ የምትሸጠው ናት" አለ ዘቡ በፍቅር። "እጇ ይባረክ።"

"መቼ መቼ ነው የምትሄዱት?"

"በየቀኑ። ከእሑድ በቀር። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነን።"

ኦብሳ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል። አቶ ጋሻው የሽመክትን ደረት እንደ ባዕድ እንግዳ አፍጥጠው ያዩታል። "ለጠጪ ቤት ነው እንዴ ልጄን የምሰጠው?" አሉ ቀስ ብለው፤ ይህን ሲሰማ የኦብሳ ሳቅ ቆመ።

ዘቡ ስካሩ ወደ ሐዘን ዞሮበት ነበር።

"ጠጪ አይደለም" አለ እያለቃቀሰ። "አታውቀውም፣ ጋሻው። ይሄ ሰውዬ ምሳ ሰዓት ብቻውን ነው የሚቀመጠው። ድሮ አገር ያጎርስ ነበር። ያን ሁሉ ሆዱን ያስቆረጠው አንተ 'በአካል ይምጣ' ስላልክ ነው፤ ሚዛኑ እንዲያሳልፈው። ይሄን ለናሆም እንኳ አልነገረውም። 'ለጤናዬ ነው' ነው ያለው። ለእኔ ነው የነገረኝ። እኔ ደግሞ ሌላ ወዳጅ የለኝም። አብሬው ጠጣሁ። ምን ላድርግ?"

ሽመክት አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ነጣ፤ በግማሽ ክብደት እንደ ላባ ቀስ ብሎ ወደቀ።

"ሶስና!" ብለው ጮኹ አቶ ጋሻው።

ለጋብቻ የምትጠየቅ ልጅ በሽምግልና መሐል ከጓዳ አትወጣም። ሶስና ግን መጋረጃውን ገፍታ መሣሪያዋን እንደያዘች ሮጣ ወጣች፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሁሉንም ስትሰማ ነበር። ተንበርክካ ጣቱን ወግታ ደሙን አየች። "ስኳሩ ወርዷል" አለችና ክንዱ ላይ መርፌ ወጋችው። ተዋበች የባሏን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አንድ ጊዜ "ሽሜ፣ ሽሜዬ" ትላለች፣ አንድ ጊዜ ደግሞ "ብቻ ንቃልኝ፤ አሳይሃለሁ" ትለዋለች።

ሽመክት ዐይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ ያየው የማያውቃትን ልጅ ፊት ነው።

"ሶስና ነሽ?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ላይሽ አልነበረብኝም" አለ። "ጉዳዩ ገና አላለቀም።"

ሶስና ሳቀች። መሣሪያዋን ደረቱ ላይ አድርጋ ዘቡን ለረዥም ጊዜ መረመረችው። ሁሉም ከበው ጠበቁ።

"ምኑ ነው የተበላሸው?" አለች ተዋበች።

"ምንም የተበላሸ ነገር የለም፣ እማማ። ዘብ የሚበቅለው ከባለቤቱ ሕዋሳት ነው፤ የሚማረውም ከባለቤቱ ነው። አመጋገባቸውን እንዲያውቅ፣ ሲከፋቸው እንዲገባው ተብሎ ነው እንዲህ የሚሠራው። ጋሼ ሲለምዱ እሱም ለመደ። አሁን እሱም ያምረዋል።" ትንሽ አሰበች። "አጥፍቼ እንደ አዲስ ላስጀምረው እችላለሁ። እዚሁ፣ አሁን። ምንም አያስታውስም።"

ከሽመክት ደረት ደከም ያለ ድምፅ መጣ። ስካሩ በርዶለታል።

"አቶ ጋሻው፣ አንተ ማለቴን ይቅር ይበሉኝ። አቶ ሽመክት፣ እርስዎንም አዋርጄአለሁ። የተሰፋሁት ልጠብቅዎት ነበር። ቢያጠፉኝ ቅር አይለኝም።" ከዚያ ዝቅ አድርጎ "ትንሽ ግን እፈራለሁ" አለ።

ማንም አልሳቀም። ሽመክት ከተኛበት ራሱን ቀና አደረገ።

"አዲሱ ምን ያውቃል?" አለ። "ተንኮሌን አያውቅም። በሳምንት ውስጥ አታልለዋለሁ። ይሄኛው ያደረግሁትን ሁሉ ያውቃል። ደግሞ ያስለመድኩት እኔ ነኝ፤ አስለምዶ መጣል የሰው ሥራ አይደለም። አታጥፊው።"

"ያምረዋል እኮ፣ ጋሼ። ሁሌም ሊያምረው ይችላል።"

"እኔስ?" አለ ሽመክት።

ተዋበች አንገቷን ደፋች። እጇን ደረቱ ላይ፣ ዘቡ አለበት በተባለው ቦታ ላይ አኖረች። "ሁለታችሁም ስሙኝ" አለች። "ከዛሬ ጀምሮ ምሳ ሰዓት እኔ ነኝ የምመጣው። ማጎረስ የሚያምርህ ከሆነ እኔን አጉርሰኝ። ከመጋዘኑ ጀርባ ያለችው ሴትዮ ደግሞ ከእኔ ጋር ትተዋወቃለች።"

አቶ ጋሻው ተነሥተው የሽመክትን ግማሽ ብርሌ አነሡና ወደ ጓዳ መለሱት። ተመልሰው መጥተው ሽመክት አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

"ጠጄን በግድ ያጠጣሁዎት ለምን እንደሆነ ልንገርዎት" አሉ። "ሚስቴ ከሞተች ወዲህ በዚህ ቤት በር የገባ ሰው የለም። ሁሉም በመስኮት ነው የሚጠይቀኝ። ጠጅ እጥላለሁ፤ የሚጠጣው የለም፤ አሮጌውን ደፍቼ አዲስ እጥላለሁ። 'በአካል ይምጡ' ያልኩት ወግ ላስከብር አይደለም። ማን እንደሚመጣ ለማየት ነው። አንድም ሰው ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። እርስዎ ሆድዎን ቆርጠው መጡ። ወንድሜ፣ እኔ በመርዝ ተቀበልኩዎት።"

"ኧረ ተዉ" አለ ሽመክት። "ጠጁስ ጥሩ ነበር።"

"በጣም ጥሩ ነበር" አለ ዘቡ።

"አንተ ዝም በል!" አሉ ተዋበችና ሶስና ባንድ ድምፅ።

ኦብሳ ከመስኮቱ ዘንድ ተመለሰ፤ ይዞት የመጣው ንግግር አሁንም ጉሮሮው ላይ ነበር። "እንግዲህ" አለ፣ "የመጣንበት ጉዳይ..."

"ሰጥቻለሁ" አሉ አቶ ጋሻው። "ተቀመጡ።"

ኦብሳ ያላለቀ ንግግሩን ዋጠና ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ንግግር ለሚሰማው ሁሉ ያወራዋል።

ሠርጉ በራማ የአትክልት ሥፍራ ሆነ። ናሆም እውነቱን ከሶስና ሰምቶ ስለነበር፣ ሙሽራ ሆኖ በሚገባበት ሰዓት መጀመሪያ የሄደው ወደ ሽመክት ነው፤ ጉልበቱን ስሞ አልነሣም ብሎ ሰው አስቸገረ። ሽመክት ለምርቃት ቆመ። የድሮ ግዙፍነቱ የለም፤ ድምፁ ግን እንዳለ ነው፤ ንቦቹ ሳይቀሩ ጸጥ ያሉ መሰለ። ምርቃቱን ጨርሶ ሲቀመጥ ተዋበች በትንሹ ጠቅልላ አጎረሰችው፤ ቀስ ብሎ አኘከ።

አስተናጋጁ ብርሌ በተደረደረበት ትሪ በመካከላቸው አለፈ። የማሩ ሽታ ቀድሞት መጣ። ሽመክት ዐይኑን ከትሪው ላይ መንቀል አቃተው። ዘቡም ዝም አለ፤ ዝምታው ምን እንደሆነ ሽመክት ያውቀዋል።

"ደህና ነህ?" አለ ሽመክት በሹክሹክታ።

"ደህና ነኝ። አንተስ?"

"እኔም ደህና ነኝ። ምንም አላማረኝም።"

"እኔንም" አለ ዘቡ። "ምንም።"

ሽመክት ራሱ መዋሸቱን ያውቃል። ዘቡም መዋሸቱን ሽመክት አወቀ፤ አውቆም ገረመው። ዘብን የሠሩት ሰዎች ያየውን እንዲናገር፣ የለካውን እንዲያሳውቅ አድርገው ነው የሠሩት። ማርን ከጠጅ፣ ጠጅን ከአረቄ ለይቶ ያውቃል። ለወዳጅ ተብሎ የሚዋሽ ውሸት ግን ማንም አላስተማረውም። ሶስና ብትሰማ ይህንን ብልሽት ትለው ይሆን? ሽመክት ሊነግራት አልፈለገም።

"ከማን ጋር ነው የምታወራው?" አለችው ተዋበች ወደ እሱ ጠጋ ብላ።

"ከራሴ ጋር" አለ።

አስተናጋጁም ትሪውን ይዞ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፈ።